ሰባት ቤት ሲቆጠር

ይህን የምጽፈው ጥቁር አሜሪካዊ ለማግባት አስባ ወላጆቿ ፊት እንዴት እንደምትቀርብ ለጨነቃት እህቴ ነው። ልጃቸው እንዲህ ያለ ዜና ይዛ ስለመጣች እንቅልፍ ያጡ አባትና እናት ቢያነቡትም ደስ ይለኛል። እኔ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ፤ ከወላጆቼ ሳልቆራረጥ፣ ባለቤቴም ክብሩን ሳይጥል ነው የወጣነው። የማውቃቸው ብዙ ቤቶች ግን ከሁለቱ አንዱን አጥተዋል። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

አባቴ ጎንደር ውስጥ የታሪክ መምህር ነበሩ። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዱ እናቴን፣ ወንድሜንና እኔን አስመጡን፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥም ቤት ገዙ። ጠመኔ ከእጃቸው ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆንም መምህርነታቸው አልለቀቃቸውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው ቶና ላይ ሳይደርስ ዓድዋ ይዘመታል። የ1896ቱ ድል ለእኛ ለልጆቻቸው የቤተሰብ ውርስ ነበር፤ በሰው አገር ቀና ብለን እንድንሄድ አድርጎናል፣ አልክድም። ባለቤቴ ደግሞ የአላባማ ልጅ ነው፤ ጥቁሮች ለመምረጥ መብት በታገሉባት፣ ሴልማ በምትባለው ከተማ አያቱ እጅ ያደገ። ያገናኘን የምንሠራበት ሆስፒታል ነው፤ እኔ ነርስ ነኝ፣ እሱ የራጅ ባለሙያ።

ለወላጆቼ የነገርኳቸው ከማንም በፊት ነው። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ወላጅ ከጋብቻው ይልቅ በመናቁ ይቆስላል፤ ያንን ቁስል ማከም ደግሞ ከዋናው ጉዳይ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። እናቴ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ጾም ያውቃል?" ብለው ነበር። አባቴ ግን በአጭሩ "ሃይማኖቱ አይገጥምም" አሉ።

ሃይማኖት ቀላል ነገር ነው አልልም፤ ከልባቸው የሚጨነቁበት ቤተሰቦች አሉ። ነገር ግን ለይታችሁ እዩት። የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ ፈረንጅ አግብታ ነበር። ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ሠርጉ ላይ ግን አክስቴ እልልታውን አቅልጠውታል፣ አባቴም ካባ ደርበው መርቀዋል። ስለ ጾም የጠየቀ ሰው አልነበረም። ይህን ለአባቴ አላነሳሁባቸውም። ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። እሳቸውም "ልማር ካለ አስተምረዋለሁ፤ ልጠመቅ ካለ አጠምቀዋለሁ፤ የቀረው የእኔ ጉዳይ አይደለም" አሉኝና ይህንኑ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ለአባቴ ነገሯቸው። ሃይማኖት ምክንያት መሆኑ ሲያበቃ እውነተኛው ነገር ወጣ።

"እኛ በባርነት ኖረን አናውቅም" አሉ አባቴ። "የማን ዘር እንደሆነ በውል የማያውቅ ሰው ነው ያመጣሽብኝ።"

ከዚያ በኋላ የመጣው ፋሲካ ላይ የሆነውን ሳላነሳ ብቀር ታሪኩ ይጎድላል። እናቴ ልባቸው ራርቶ "ይምጣ፣ በዓል ነው" ብለው ጠሩት። ዶሮው ቀርቦ፣ ገና እንጀራ እየተቆረሰ ሳለ፣ አክስቴ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ዘመድ ዘንበል ብለው፣ ድምፃቸውን እንኳን ዝቅ ሳያደርጉ፣ "በፋሲካ ምድር ባሪያ ጋር ማዕድ ልቁረስ?" አሉ። አማርኛ አይሰማም ብለው ነው። እሱ ግን ኮሌጅ እየተማረ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከእኛ ልጆች ጋር ሠርቷል፤ ያቺን ቃል ከማንኛውም የአማርኛ ቃል በፊት ነው ያወቃት። የቆረሰውን ጎርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እናቴን አመስግኖ ወጣ። ወንድሜ ተከትሎት ሮጠና "አንተን አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው ያሉት" አለው። ከስድቡ ይልቅ ይህ ነው ያናደደው። መኪና ውስጥ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አያቴ ከፍርድ ቤት ደረጃ ላይ የተገፈተረችው እኔ ተቀምጬ ይህን እንድሰማ አይደለም።" ለወራት እኛ ቤት አልመጣም፤ እኔም ና አላልኩትም።

ስለዚህ ሰውየውን ወደ ቤታችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት የሚጠብቀውን ንገሩት፤ አክስት ምን ልትል እንደምትችል፣ አጎት ምን ብሎ እንደሚቀልድ። ከተነገረ በኋላም አታለሳልሱለት። ቤተሰብን ለማዳን ተብሎ የሚነገር የትርጉም ውሸት እናንተንም ከዘመዶቻችሁ ጋር ይደምራችኋል። ሁለተኛው ነገር፣ ማዕድ ላይ የተሰደበ ሰው ይቅርታ የሚጠየቀው በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ ዘግይተዋል፤ የዘገየውን ያህል ነገሩ ከብዷል።

በእሱ በኩልም ነገሩ ሰላም አልነበረም። አጎቱ ዋሽንግተን ውስጥ ዩ ስትሪት አካባቢ ነው ያደጉት። ያ ሰፈር በዘር መለያየት ዘመን ጥቁሮች የራሳቸውን ቲያትር ቤትና ሱቅ ያቆሙበት፣ "ብላክ ብሮድዌይ" ይባል የነበረ ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ሲገደሉ በተነሳው ሁከት ተቃጥሎ ለብዙ ዓመታት ኦና ሆኖ ቆየ። የእኛ ሰዎች ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱበት፤ ከ2000 በኋላ ደግሞ የዘጠነኛው ጎዳና አካባቢ "ትንሿ ኢትዮጵያ" ተብሎ ይሰየም የሚል ጥያቄ ተነሳና ነባሮቹ ተቆጡ። አጎትየው ይህን አልረሱም። "እኛ የፖሊስ ዱላና ውሻ ችለን የከፈትነውን በር ገፍታችሁ ገባችሁ፤ ከገባችሁ በኋላ ሰላምታ ነፈጋችሁን፤ ቀጥሎ ደግሞ የበሩን ስም ልትቀይሩ ፈለጋችሁ" አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ዛሬም ቢሆን ያሉት ብዙው እውነት ይመስለኛል። የእነሱ ኩራት በሴልማ፣ የእኛ በዓድዋ፤ ሁለቱም የሚገባ ኩራት ነው፣ ሁለቱም ግን በዚያ ሰሞን አጥር ሆኖ ነበር።

ወንድሜ ነገሩን በማስረጃ ሊፈታው ተነሳ። ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ሲያነብ አድሮ ቁርስ ላይ ለአባታችን ያነብላቸዋል። የ1924ቱ የስደተኞች ሕግ ለኢትዮጵያ የመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያንን የኮታ ሥርዓት ያስቀረው ሕግ የተፈረመው ጥቅምት 3 ቀን 1965 ነው፤ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ ከተፈረመ ሁለት ወር ሳይሞላ። ሰውን በዘሩ መመዘን ነውር ነው ብሎ አገሪቱን ያስጨነቀው ያው የጥቁሮች ትግል ነው፤ እናታችንና እኛ በቤተሰብ ማገናኛ የገባነውም በዚያ ሕግ ነው። አንዱም ስሕተት የለበትም። አባቴ ግን "ትናንት ፊደል ያስቆጠርኩህ ልጅ ዛሬ ታሪክ ልታስተምረኝ ነው?" ብለው ጋዜጣቸውን ገለጡ። በእኛ ቤት እውነት ከታች ወደ ላይ አይወጣም። ልጅ ለአባቱ ማስረጃ ሲደረድር አባት የሚሰማው ማስረጃውን ሳይሆን ድፍረቱን ነው። ስለዚህ ያነበባችሁትን ያዙት፤ ጊዜው ሲደርስ ይጠቅማል፤ የክርክር ዱላ ግን አታድርጉት።

በመጨረሻ አባቴ፣ እኔን ለመሸኘት ይመስለኛል፣ "እንግዲያው እንደ ባህላችን ሽማግሌ ይላክና ሰባት ቤቱን ይቁጠር፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን" አሉ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው በሙሽሮቹ መካከል የሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ነው። የሴልማና የጎንደር ሰው ይዛመዳል ብሎ የሚሰጋ ማንም የለም። የጠየቁት እንደማይቻል አውቀው ነው። ባለቤቴም ይህን ስለተረዳ "ይህን ስድብ ለአያቴ አልነግራትም" አለ። እኔ ነገርኳቸው። በስልክ ዝም ብለው ሰሙኝና "ሰውየው ወገኖቼ እነማን እንደሆኑ ነው የጠየቀው፤ መልስ አለኝ፤ እመጣለሁ" አሉ።

ሦስት ሆነው መጡ፤ አያትየው፣ አጎቱና የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር። የሽማግሌዎቹ መሪ ሴት መሆናቸው እናቴን አስደነቃቸው። ሥርዓቱን አስቀድሜ አስረድቻቸዋለሁ፦ ተቀመጡ ሳይባሉ እንደማይቀመጡ፣ ጉዳዩ ሳይነገር እህል ውኃ እንደማይቀምሱ፣ በመጀመሪያው ቀንም "እሺ" እንደማይባልና ቀጠሮ ማግኘት መልካም ምልክት እንደሆነ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ሳይነገረው የመጣ አሜሪካዊ በር ላይ መቆሙን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። አያትየው በ74 ዓመታቸው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ነጭ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ቀጥ ብለው ቆሙ። አባቴ ጥቂት ታገሡ፤ ከዚያ አልቻሉም፣ ራሳቸው ተነስተው ወንበር አመጡላቸው።

አያትየው ከቦርሳቸው ማኅደር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና መቁጠር ጀመሩ። አንደኛው ቤት የልጅ ልጃቸው፣ ሁለተኛው እናቱ፣ ሦስተኛው እሳቸው። አባቴ "በእናት በኩል ነው እንዴ?" ብለው ሊያርሙ ሲሉ እናቴ ገላመጧቸው። አራተኛው የአያትየው አባት፣ አምስተኛው ወንድ አያታቸው፤ ሁለቱም በሰው መሬት ጥጥ እያረሱ የኖሩ። ስድስተኛው ቅድመ አያታቸው፤ በ1870 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ስሙ፣ ዕድሜውና ሚስቱ ተጽፈዋል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ የተደረገው ያ ቆጠራ፣ ነጻ የወጡትን ሰዎች በሙሉ በስማቸው የመዘገበ የመጀመሪያው የአገሪቱ ቆጠራ ነው። ከዚያ ሰባተኛውን ወረቀት አወጡ፤ የ1860 የባሪያዎች መዝገብ ቅጂ። ከላይ የጌታው ስም ተጽፏል፤ ከሥር ተራ በተራ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም። ስም የሚባል ነገር የለም። አያትየው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ፦ ወንድ፣ 55፣ ጥቁር። "ይህ ይመስለኛል" አሉ። "ሰባተኛው ቤቴ እዚህ ላይ ነው፤ ስሙን ያጠፋው እኔ አይደለሁም።"

አባቴ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት። የጠየቁት ጥያቄ ማናችንም ያልጠበቅነው ነበር፦ "ይህ ሰነድ የት ይገኛል?" የታሪክ መምህሩ ነው የነቃው። ዋናው መዝገብ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር እንደሆነ ፓስተሩ ሲነግሯቸው፣ ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ባለው ሕንፃ ደጃፍ ስንቴ ተሳፋሪ እንዳወረዱ ለራሳቸው አጉረመረሙ።

ቀጥሎ አያትየው፣ ያለ ክፋት፣ "በእናንተስ አገር ባርነት አልነበረም?" ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አባቴ "ነበረ" አሉ። በአዋጅ ጨርሶ የተሻረው በ1942 እንደሆነ ተናገሩና ሊያበቁ ሲመስለኝ ቀጠሉ። በአያታቸው ቤት ውኃ የምትቀዳና እህል የምትፈጭ ሴት እንደነበረች፣ ከአዋጁም በኋላ የምትሄድበት ስላልነበራት እዚያው ኖራ እንደሞተች፣ እሳቸውንም ሕፃን ሳሉ በጀርባዋ አዝላ እንዳሳደገቻቸው አወሩ። "አባቷ ማን እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም" አሉ። ይህን ታሪክ እኔም፣ ወንድሜም፣ እናቴም ሰምተነው አናውቅም ነበር። የአባቴን አንደበት እየተከተልኩ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ድምፄ እምቢ አለኝ፤ የቀረውን ወንድሜ ጨረሰው። ከዚህ የተነሳ አንድ ምክር አለኝ፦ ሙሽራዋ አታስተርጉም። ሁለቱንም ወገን የሚያከብር፣ ለሁለቱም ያልወገነ ሰው ፈልጉ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ቀለለ። አባቴ ሥራቸውን ጠየቋቸው፤ አያትየው መምህርት እንደነበሩ ሲሰሙ ወንበራቸውን አስጠጉ። ሴልማ ውስጥ የመራጮች ምዝገባ ቢሮ የሚከፈተው በወር ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ በዚያም ላይ ጥቁሮች በፈተና ይጣላሉ፤ ለመመዝገብ የሞከረ መምህር ደግሞ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። በአካባቢው መምረጥ ከሚገባቸው ጥቁሮች መካከል የተመዘገቡት ከመቶ ሁለት ያህሉ ነበሩ። ጥር 22 ቀን 1965 ከመቶ የሚበልጡ ጥቁር መምህራን ከትምህርት በኋላ ተሰልፈው ወደ ፍርድ ቤቱ ሄዱ። አያትየው ያን ጊዜ የ27 ዓመት ወጣት ናቸው። እንደሚታሰሩ ስላሰቡ የጥርስ ብሩሻቸውን ይዘው ነበር፤ ሸሪፉ በዱላ እየገፋ ከደረጃው ላይ አወረዳቸው፣ ተመልሰው ወጡ፣ እንደገና አወረዳቸው። ተማሪዎቻቸው መምህሮቻቸውን በሰልፍ ሲያዩ ፍርሃት ለቀቃቸው። የኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ላይ ሰልፈኞች የተደበደቡት ከዚያ በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን ነው። አያትየው የጥርስ ብሩሹ ነገር ላይ ሲደርሱ አባቴ ሳቁ። "እኛ ደግሞ ብርድ ልብስ ነበር የምናዘጋጀው" ብለው በደርግ ጊዜ መምህራን እንዴት እንደሚወሰዱ ይተርኩላቸው ጀመር። ቀጠሮ መስጠት እንዳለባቸው ያስታወሱት ሽማግሌዎቹ ሊወጡ ሲሉ ነው።

ከዚህ የምለው ይህ ነው፦ ሽማግሌ ለሽማግሌ አገናኙ። በዕድሜ፣ ከተቻለም በሙያ የሚመጣጠኑትን ፈልጉ፤ እናንተ ከመካከል ውጡ። ነገር ግን የእሱ ቤተሰብ "ሰው መሆናችንን አስመስክሩ" ተብሎ የተጠራ እንዳይመስለው ተጠንቀቁ። አያትየው በገዛ ፈቃዳቸው መጡ እንጂ ባይመጡም መብታቸው ነበር። የሴልማ አያት የሌለውም ጥቁር አሜሪካዊ እንደማንኛውም ሰው ልጃችሁን ለመጠየቅ የጀግና ታሪክ ማቅረብ አይጠበቅበትም። በየዓመቱ በኪንግ ቀን የኪንግን ፎቶ እየለጠፉ እሳቸውን የሚመስል ልጅ በራቸው ሲያንኳኳ የሚደነግጡ ዘመዶች አሉኝ፤ ሙታንን ማክበር ምንም አያስከፍልም።

አባቴ ከሠርጉ በፊት ባለቤቴን ለብቻው ወስደው ስለ ፋሲካው ይቅርታ ጠየቁት። አክስቴ ሠርጉ ላይ አልተገኙም። በኋላ አባቴ ራሳቸው እህታቸው ፊት ተቀምጠው፣ ወንድሜ ቁርስ ላይ ያነበበውን ዓይነት ነገር ሲነግሯቸው ሰማሁ፦ "እልል ያልሽበት የልጅሽ ጋብቻ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 1967 ድረስ የሚያሳስር ወንጀል ነበር። በሕጉ ዘንድ ልጅሽ ጥቁር ናት። ያንን ሕግ ላቪንግ የተባሉ ባልና ሚስት ታስረው፣ ከቨርጂኒያ ተባረው ነው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሻሩት።" አክስቴ ለጊዜው አኮረፉ፤ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ግን ገንፎ ለማገንፋት መጡ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም፤ ልጅ ሲመጣ በሌላ መልክ ይመለሳል። "ጸጉሯ ከረር አለ"፣ "አባቷን ወጣች እንጂ ቀይ ትሆን ነበር" የሚሉ ነገሮች በፍቅር ቃና ይነገራሉ። እኔና ባለቤቴ አንድ ደንብ አወጣን፦ እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ፊት ከተነገረ ያለ ጭቅጭቅ ተነስተን እንሄዳለን፤ ለልጆቹም በዚያው ምሽት የተባለውን በግልጽ እንነግራቸዋለን። አክስቴ ቤት ይህን ያደረግነው ቡና ከመፈላቱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ቡናው እስኪያልቅ እንቀመጣለን።

ለወላጆች የማክለው የመጨረሻው ነገር የቤታችሁን ካርታ የሚመለከት ነው። የባለቤቴ አጎት አንድ ቀን አባቴን "ቤትዎ መቼ ነው የተሠራው?" ብለው ጠየቁ። ከ1940 በፊት ነው። "እንግዲያው የድሮውን የሽያጭ ውል ያንብቡት" አሏቸው። የሜሪላንድ የመሬት መዛግብት በኢንተርኔት በነጻ ይታያሉ፤ የሚያስፈልገው መመዝገብ ብቻ ነው። ፍለጋው በመጽሐፍና በገጽ ቁጥር ነው። በእጃችሁ ያለው ውል ከእሱ በፊት የነበረውን ውል ቁጥር ይጠቅሳል፤ ያም ከእሱ በፊት የነበረውን፤ እንዲህ ከሻጭ ወደ ሻጭ እየተከተላችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። አባቴ ሲደርሱበት አንቀጹ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ አገኙት፦ ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም፤ ከቤት አገልጋይ በስተቀር ጥቁር አይኖርበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ከልክሏል፤ በ1968 ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር መለየት በሕግ ተከለከለ። ጽሑፉ ግን ከቤቱ ጋር እየተሸጠ እሳቸው ድረስ ደርሷል። ሜሪላንድ ውስጥ ባለቤቱ አመልክቶ አንቀጹ የተሰረዘበትን የማስተካከያ ሰነድ መዝገቡ ላይ ማስገባት ይችላል። አባቴ ማመልከቻውን ከአጎትየው ጋር ሆነው ሞሉት፤ ከዚያ ወዲህ የጎረቤቶቻቸውን ውል መፈለግ ሥራ አድርገውታል።